ጥጡ ለዝናቡ ነው

ወንድሜ ዋሽቶ አያውቅም። ይህን ስናገር ሰዎች «ታድላችሁ» ይሉኛል። እኔ ቁጡ ነኝ፤ በሆዴ «እስቲ አንድ ሳምንት ውሰዱትና አብራችሁት ኑሩ» እላለሁ። ውሸት የማይችል ሰው ባለበት ቤት በደርግ ዘመን ማደግ መታደል አልነበረም።

ያደግነው ሚዛን ተፈሪ ነው፤ ከገበያው በላይ፣ ወደ ጫካው በሚያወጣው መንገድ ዳር። አባዬ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር የወጣ ልብስ ሰፊ ነበር። እማዬ ጓሮዋ ጎደሬ ትተክላለች፣ እጇ ሲፈታ ጥጥ ትፈትላለች። ልጆቿ ሁለት ነን። ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኛል ይባል እንጂ እጁን ይዤ ገበያ የማሻግረው፣ ሰው ሲቀየመው «እንዲህ ለማለት ፈልጎ ነው» እያልኩ የማስታርቀው እኔ ነበርኩ።

ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በአንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቀን አባዬ ለምሳ ሲወጣ «ሱቁን እያየህ ቆይ» አለው። ሲመለስ የጎረቤት ፍየል ገብታ የደንበኛ ሱሪ እስከ ጉልበቱ በልታለች። ወንድሜ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሏል።

«አንተ፣ አላየሃትም?» አለ አባዬ።

«አየኋት። በግራ እግሩ ነው የጀመረችው» አለ።

አባዬ በቀበቶ ገረፈው። ለምን እንደተገረፈ ግን ወንድሜ ለብዙ ጊዜ ይጠይቀኝ ነበር። እይ ተብሏል፣ አይቷል። ሰፈሩ ይህን ሰምቶ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ይስቅበት ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ ሞኝ ወረቀት ሲይዝ አይቶ ስለማያውቅ ተረቱ አይገባውም።

ሰው ሲያናግረው ዓይን ዓይኑን አያይም፤ የበሩን መቀርቀሪያ ነው የሚያየው። አዲስ ልብስ ከለበሰ ያሳክከኛል ብሎ ያለቅሳል፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኖ ሁልጊዜ በተጣፈ ልብስ ነበር። ገበያ ቀን ከቤት አይወጣም። ዘመድ አዝማዱ «ልክፍት ነው» ብሎ ፈረደና ጠበል ወሰደው። ጠበሉ ቀዝቃዛ፣ ጩኸቱ ብዙ ነበር። ሲመለስ ዐሥር ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከሁሉ የሚብስበት ግን ዝናብ ነበር። ሚዛን ዝናብ የማይሰለቻት ከተማ ናት፤ ቤታችን ደግሞ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር እኛ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ወሬያችንን እንቀጥላለን፣ እሱ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ያመዋል። ሲያመው አይቻለሁ፣ ላቡ ይወርዳል። እማዬ ከምትፈትለው ጥጥ ቆንጥራ፣ ጠቅልላ ጆሮው ውስጥ ትከትለት ነበር። ዝናቡ ሲያባራ እሱ ራሱ ያወጣዋል፣ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ዝናብ ሳይኖር ጥጥ አያደርግም፤ ዝናብ እያለ አያወጣም።

አንድ ነገር ላይ ግን የሚስተካከለው አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ አስተማሩት፤ ዲያቆናቱ ዓመታት የሚፈጁበትን እሱ በአንድ ክረምት ጨረሰው። የፈለጋችሁትን ዓመትና ወር ጥሩለት፣ ዕለቱን ይነግራችኋል፤ ጨረቃዋ ስንት እንደነበረች፣ ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ ይነግራችኋል። መሪጌታ ራሳቸው ወረቀትና እርሳስ ይዘው የደረሱበትን እሱ የበሩን መቀርቀሪያ እያየ ይደርስበታል።

በዚያ ዘመን የልጇን የልደት ቀን የምታውቅ እናት በሰፈራችን ከስንት አንድ ነበረች። ትምህርት ቤት ግን ዕድሜ ይጠይቃል፣ ክትባት ዕድሜ ይጠይቃል። እናቶቹ ወደ ወንድሜ መምጣት ጀመሩ። የቤንቿም፣ የሸኮዋም፣ የከፋዋም፣ የጉራጌዋም መጣች። እሱ ሌላ ሰው የማይጠይቀውን ይጠይቃቸዋል።

«ስትወልጂው ቡናው አብቦ ነበር? ፍሬ ይዞ ነበር? ቀልቶ ነበር?»

«የገበያውን ድልድይ ጎርፍ የወሰደው ከዚያ በፊት ነው፣ በኋላ?»

«ማታ ደጅ ስትወጪ ጨረቃ ታይሽ ነበር?»

ከዚያ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ እያንቀሳቀሰ ትንሽ ይቆይና ቀኑን ይናገራል፣ በደብተሩም ይጽፈዋል። ሴቶቹ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ኮረሪማ ይዘው ይመጡ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት እንኳ መጥታ አራቱንም ልጆቿን አስቆጥራለች። ሰፈሩ ወንድሜን የፈለገው ያኔ ብቻ ነው። እማዬ ቀና ብላ የሄደችውም ያኔ ብቻ ነው።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት የቤንች ሴት ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምንላቸው። ባላቸው ሞቶ፣ ትንሽ የቡና መሬት ይዘው አንድ ወንድ ልጅ የሚያሳድጉ። የወንጌል አማኝ ናቸው፤ የሚጸልዩበት ቤት በደርግ ተዘግቶ ስለነበር እሁድ እሁድ በሩን ገርበብ አድርገው ከልጃቸው ጋር በቀስታ ይዘምራሉ፤ ወንድሜ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ያዳምጣቸዋል። ቀስ ያለ ድምፅ ይወዳል። የልጃቸውን ዕድሜ ሊያስቆጥሩ ሲመጡ የሚያስታውሱት ቡናው ነጭ ሆኖ እንደነበርና ቀኑ የገበያ ማግስት እንደነበር ብቻ ነው። ወንድሜ ስለ ድልድዩና ስለ ጨረቃዋ ጠይቋቸው አሰበና «የካቲት ገብርኤል፣ ማክሰኞ፣ ዘመነ ዮሐንስ» አላቸው።

«እኛ ገብርኤል የለን» አሉ እየሳቁ።

«ቀኑ ግን አለ» አላቸው።

የእትዬ ልጅ የወንድሜ ብቸኛ ጓደኛ ነበር። ማንም ሳያስተምረው እንዴት እንደሚያዝ ያውቅ ነበር። ገበያ ሲያልፉ ጩኸቱ በሚመጣበት በኩል ሆኖ ይሄዳል። አይነካውም፣ ሊያናግረው ሲፈልግ ፊት ለፊቱ ይቆማል። ለእኔም «ጥያቄሽን አሳጥሪው፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው» ብሎ የመከረኝ እሱ ነው። እኔ እህቱ ሆኜ እሪ የምልበትን ነገር እሱ በሁለት ቃል ይጨርሰው ነበር። እወደው ነበር። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ለማንም አልነገርኩም፤ ዛሬ ብናገረው ምን አለበት።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ።

ዐሥራ ስምንት የሞላው ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ ዕድሜያቸው ቀነሰ። ጢም ያለው ዐሥራ ሰባት ሆነ፣ ዐሥራ ዘጠኝ የነበረው ዐሥራ አምስት። እትዬም ልጃቸውን ዐሥራ ስድስት ነው ብለው አስመዘገቡ። እማዬ ደግሞ ወንድሜን ጨርሶ ሳታስመዘግበው ቀረች፣ የጠየቃትም አልነበረም። ይህ የሁሉም ሚስጥር ነበር፤ ሁሉም ስለዋሸ ማንም ማንንም አይከስም። እውነቱ ግን በአንድ ሰው ደብተር ተጽፎ ተቀምጧል፤ ጽፎ ያኖረውም ከሁላችንም መዋሸት የማይችለው ሰው ነው። እናቶቹ በገዛ እግራቸው፣ እንቁላል ይዘው መጥተው ያስጻፉት።

መጀመሪያ ያሰበችው እማዬ ናት። ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ደብተሩ ሲቃጠል ወንድሜ ቆሞ አየ። ምሳ ስንበላ «ደብተሩ አያስፈልግም፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ» አላት። እማዬ ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

ቀበሌያችን እንዲያዋጣ ከታዘዘው ሰው አንድ ጎደለ። አንድ ብቻ። ገሚሱ ሸሽቷል፣ ገሚሱ ተይዞ ሄዷል፤ ያጠራጠራቸው ዕድሜ የእትዬ ልጅ ነበር፣ ቁመቱ ረጅም ነውና። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ሊቀመንበሩን ያዋክበዋል። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ፈሪ ነበር፤ ሲጨንቀው «ቀን የሚቆጥር አንድ ልጅ አለ፣ የኔንም ልጆች የቆጠረው እሱ ነው» ብሎ ከአፉ አመለጠው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ወንድሜ ቀርቦ እንዲጠየቅ ተወሰነ።

አባዬ ወንድሜን ቴፒ ዘመድ ጋ ልላከው አለ፤ ከከተማ ለመውጣት ግን የይለፍ ወረቀት ከቀበሌው ነው የሚገኘው፣ ማን ይሰጠዋል? የእትዬ ልጅም ጫካ ልግባ ብሎ ነበር፤ የሸሸ ልጅ እናት እንደምትታሰር እያየን ነው። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። እማዬ ትከሻዬን ይዛ «አንቺን ነው የሚሰማው። አላውቅም ማለትን አስተምሪልኝ» አለችኝ። አጠገቧ እትዬ ቆመው ነበር። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። የአንድ ሰው ልጅ በእጄ እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ ወስጄው አስተምረዋለሁ።

«እኔ ካድሬው ነኝ። የእትዬ ልጅ ዕድሜው ስንት ነው?»

«ዐሥራ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር...»

«አይደለም! አላውቅም በል።»

«አውቃለሁ እኮ።»

«ታውቃለህ፤ ግን አላውቅም በል።»

«እንዴት አድርጌ?»

እንዴት አድርጌ ይለኛል። ቧልት አልነበረም፣ ከልቡ ሊማር ፈልጎ ነው። ለመንኩት። ዘፈን አስመስዬ ሞከርኩ። ጓደኛህ ይሞታል አልኩት። «ዕድሜው ስለተነገረ ሰው አይሞትም» አለኝ። ጥፊ መታሁት። መትቼው አላውቅም ነበር። ጉንጩን ይዞ መቀርቀሪያ ፈለገ፤ ጓሮ ነው፣ መቀርቀሪያ የለም፣ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ተቅበዘበዘ። ዛሬም ድረስ እጄን ያመኛል።

ማስተማሩ እንዳልሆነልኝ ገባኝ። ማንንም ሳላማክር የራሴን ዘዴ አገኘሁ። ጊዜው ሰኔ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሁሌ ይዘንባል፤ የቀበሌው አዳራሽ ደግሞ ከቤታችን የባሰ ቆርቆሮ ነው። ጆሮውን በጥጥ ጥቅጥቅ አድርጌ እደፍነዋለሁ። ያልሰማውን ጥያቄ አይመልስም። ይህም ውሸት አይደለም። ለእሱ ግን ምክንያቱን ብነግረው ሲጠየቅ ይናገረዋል፣ «እህቴ እንዳልሰማ ብላ ነው» ይላል። ስለዚህ ሸወድኩት። በስብሰባው ቀን ጥጡን ስጠቀልል «ምንድን ነው?» ቢለኝ «ጥጡ ለዝናቡ ነው» አልኩት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። እኔ ግን ያን ቀን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ኮርቼ ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። ዝናቡ ልክ እንዳሰብኩት ወረደ፤ ካድሬው እየጮኸ እንኳ ከሁለተኛው መደዳ ወዲያ አይሰማም፤ እኔ ከወንድሜ ጎን ፊተኛው መደዳ ላይ ነኝ። ወንድሜ ጥጡን አድርጎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ እንደዚያ ባለ ቦታ አይቼው በማላውቀው እርጋታ ተቀምጧል። የእትዬ ልጅ ከፊት ቆሟል። ሊቀመንበሩ ወንድሜን ጠራው። አልሰማም። ደግሞ ጠራው። ወንድሜ በሩን ያያል።

«ደንቆሮ ነው እንዴ?» አለ ካድሬው።

«አይ ጓድ፣ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል» አለ ሊቀመንበሩ። ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። ጥጡን አይቶታል፤ አይቶትም ፊቱን ወደ ካድሬው መለሰ። «ይለፈን ጓድ። ልጁ ሙሉ አይደለም።»

ካድሬው ተናዶ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ከጸሐፊው ፊት ያለውን መዝገብ ወደ ራሱ ሳበና «እንግዲያው በተባለው ዐሥራ ስድስት ይመዝገብ» አለ፣ ብዕሩንም ከኪሱ አወጣ። እትዬ ከኋላዬ ነበሩ፤ ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

ሚዛን ውስጥ ዝናብ ሲያባራ አይቀንስም፣ በአንዴ ነው የሚቆመው። ቆመ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ወንድሜ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ጥጡን ከግራ ጆሮው አወጣ፣ ከቀኝ ጆሮው አወጣ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ጮኼ ቢሆን ኖሮ እላለሁ ዛሬ።

ካድሬው አየው። «አንተ፣ አሁን ትሰማለህ? ይሄ ልጅ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው?»

«አይደለም» አለ ወንድሜ። «ዐሥራ ስድስት የሞላው የዛሬ ሁለት ዓመት በየካቲት ነው። አሁን ዐሥራ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ከዐሥራ ስምንት ቀን ነው።»

ያዘጋጀነው ጥያቄ «ስንት ነው» የሚል ነበር፤ ለዚህኛው መልስ አልነበረንም። ቢኖረንም ለውጥ አያመጣም ነበር።

ካድሬው ሳቀ። «አንተስ? አንተ ራስህ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር።»

«ለምን አልተመዘገብክም ታዲያ?»

ወንድሜን «እብድ» ያሉትን ሴቶች በሙቀጫ ዘነዘና ያባረረች እናቴ ሰው እየገፈታተረች ወደፊት ወጣችና ካድሬው እግር ላይ ወደቀች። «እብድ ነው ጓድ፤ ልጄ እብድ ነው፤ አእምሮ የለውም፤ አገር ይመስክር።»

«እብድ አይደለሁም» አለ ወንድሜ። «ተሳስተሻል እማዬ።»

«እብድ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አለ ካድሬው፣ ሰዉም ፈራ ተባ እያለ ሳቀለት። ወንድሜን በእጁ ሂድ አለው፤ መዝገቡ ላይ ግን ለእትዬ ልጅ ዐሥራ ስምንት ብሎ ጻፈ።

ያኔ እትዬ ተናገሩ። አማርኛ ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት። «እብድ ከሆነ፣ ቃሉን ለምን ያዛችሁ? ጤነኛ ከሆነ፣ እሱም ይሂድ። አንዱን በሉኝ።»

ሊቀመንበሩ መሬት መሬት አየ። እማዬ ከወደቀችበት አልተነሳችም። የእትዬ ጥያቄ ትክክል እንደሆነ እኔም፣ እማዬም፣ ካድሬውም እናውቃለን። እማዬ ቀና ብላ «ጤነኛ ነው» ብትል ልጇ ይሄድባታል፤ «የእብድ ቃል ነው፣ ጣሉት» ብትል ምናልባት ይሰሟት ነበር። አላለችም። ፈርታ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ደግሞ ልናዘዝ፦ ወንድሜ እንደተረፈ ሳውቅ ደስ አለኝ። የእትዬ ትንፋሽ አንገቴ ላይ እያለ ደስ አለኝ።

ወደ መኪናው ከመወሰዱ በፊት የእትዬ ልጅ መጥቶ በወንድሜ ፊት ለፊት ቆመ። አልነካውም። «ልክ ነህ። አልተሳሳትክም» አለው። ወንድሜም «አውቃለሁ» አለው። ይህ ነው ስንብታቸው።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለእኛ በሩን ዘጋ። እሳት ስንለምን «ጠፍቶብናል» ይሉናል፣ ጭሱ በቤታቸው ክዳን ሲወጣ እየታየ። ቡና ሲለቀም ለደቦ የሚጠራን ጠፋ። ወንድሜ በመንገድ ሲያልፍ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ በሚቀጥለው ዙር የማን ልጅ እንደሚነሳ አያውቁምና። አባዬ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳያይ ይውላል። ወንድሜ ግን የሚገባው ነገር አልነበረም። በየቀኑ አጥሩ ሥር እየሄደ ይቀመጣል፤ እትዬ መዘመር ትተዋል።

«ለምን አይዘምሩም?» አለኝ አንድ ቀን።

«ልጃቸውን አንተ ገድለህባቸው!» አልኩት።

ደነገጠ። «ሞተ እንዴ? ማን ነገረሽ? መቼ?»

ጣቶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ቀኑን ሊቆጥር ነው። እጁን ይዤ «አልሞተም፣ ዋሽቼ ነው» ስለው፣ እጁን ሳይነጥቀኝ «አንቺ ብዙ ትዋሻለሽ» አለኝ። ሊሰድበኝ አልነበረም፤ ያየውን ነው የተናገረው።

የዚህን ሁሉ ስም የሰማሁት ፀጉሬ ሸብቶ ነው። ከሚዛን ጎን ባለችው አማን ከተማ በጤና ሥራ ላይ እያለሁ አንድ ሥልጠና ላይ ሐኪሙ ስለ ኦቲዝም ሲያስተምር «አስፐርገር» የሚባል ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈ። አእምሯቸው የተሳለ፣ ቋንቋቸው የተሟላ፣ ግን ሰው በዙሪያ ጥምጥም የሚናገረው የማይገባቸው፤ የተባለውን እንደተባለው የሚይዙ፤ በአንድ ነገር ላይ ተጠምደው የሚውሉ፤ ድምፅ፣ ልብስ፣ ንክኪ የሚያማቸው። ልክፍት አይደለም፣ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም፣ አፈጣጠር ነው አለ። ሐኪሙ ያልጠቀሰው ጥጡን ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ማስታወሻ ይይዛል፤ እኔ ወጥቼ ቧንቧው ጋ ፊቴን ታጠብኩ። ሐኪሙ ያስተማረንን በሙሉ የእትዬ ልጅ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ያለ ሥልጠና ያውቀው ነበር። እንዲህ ዘግይቶ የመጣ ቃል ማንን ያድናል ብዬ ተናደድኩ። ለቀበቶው፣ ለጠበሉ፣ ለጥፊው ስም ተገኘላቸው፣ ይኸው ነው።

ወደ ኋላ ልመለስ፤ ደርግ በወደቀ ጊዜ ወታደሩ በየመንገዱ ተበትኖ ወደየቤቱ ተመለሰ። በማሻ በኩልም፣ በቴፒ በኩልም፣ ከስተው፣ ቡትቷቸውን ለብሰው የሰፈራችን ልጆች አንድ አንድ እያሉ መጡ። ላልመጡትም ለአንዳንዶቹ መርዶ መጣ። የእትዬ ልጅ ግን ራሱም መርዶውም አልመጣም። ክረምቱ አለፈ፣ ቡናው ተለቀመ፣ ደግሞ አበበ። በየካቲት ገብርኤል ከሰዓት በኋላ እትዬ በራችን ላይ ቆሙ። ከአዳራሹ ቀን ወዲህ ደፋችንን ረግጠው አያውቁም። እማዬ የምትፈትለውን ጥላ ተነሳች፣ የምትይዘው የምትለቀው ጠፋባት። እሳቸው ግን የመጡት ወደ ወንድሜ ነው። በርጩማ ስቤላቸው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«ልጄ ዛሬ ስንት ሞላ?» አሉት።

ወንድሜ መቀርቀሪያውን እያየ «ካለ ሃያ አራት። ከሌለ አላውቅም» አለ።

«ሃያ አራት በላቸው!» አልኩ እኔ። ምላሴን መቁረጥ ነበረብኝ።

«ተይው» አሉ እትዬ። «ሰው ሁሉ ይመጣል፣ ይመጣል ይለኛል። ይሄ ብቻ አይለኝም። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ስለ ጥጡ፣ ለዝናቡ ነው ብዬ እንደሸወድኩት፣ እውነቱን ብነግረው ምናልባት ዝናቡ ቢያባራም ላያወጣው ይችል እንደነበር። እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው። ስጨርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ያልተጠበቀ የየካቲት ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ወንድሜ ጆሮውን ይዞ አጎነበሰ። እማዬ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት እትዬ ከእንዝርቷ አጠገብ ካለው ቅርጫት ጥጥ ቆነጠሩ፣ በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፊት ለፊቱ ቆመው እስኪያያቸው ጠበቁና በሁለቱም ጆሮው ከተቱለት። ልጃቸው እንደሚያደርገው ሳይነኩት ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቆርቆሮው ይጮሃል፣ አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አቀረቡ።

«እሱ አይሰማም። አንቺ ንገሪኝ» አሉ። «ልጄ ሞቷል?»

ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ኖሬ፣ ያን ዕለት የምዋሸው አጣሁ። «አላውቅም» አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወንድሜን ያስተማርኩት፣ አልይዝለት ያለው ቃል።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁና ተመልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ሁላችንም ወንድሜ ጥጡን የሚያወጣበትን ሰዓት ጠበቅን። ያን ቀን ዝናቡ አላባራም።